ሆርሞን የተነፈገ ካንሰር



ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ በሌላ ምክንያት የሞቱ ወንዶች አስከሬን ሲመረመር ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ፕሮስቴት ውስጥ ካንሰር ይገኛል። አብዛኞቹ በሕይወት ሳሉ አላወቁትም፤ አላመማቸውም፤ የገደላቸውም እሱ አይደለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ዓይነቱ አይደለም። ሰውየው ገና በ60 ዓመቱ ጀርባውን ያመዋል፤ ቁርጥማት ነው ተብሎ በቅባትና በማስታገሻ ወራት ያልፋሉ፤ በመጨረሻ ሲመረመር በሽታው አከርካሪውን፣ ዳሌውንና የጎድን አጥንቱን ይዞ ይገኛል። የማወራው ስለዚህኛው ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት 400,000 ይጠጋሉ። (በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይንሱ ስለዚህ ክፉ ካንሰር ለብዙ ዓመታት አንድ የተሳሳተ ነገር ሲያምን ኖሯል። ስሕተቱ ሲታረም የብዙ ሰው ዕድሜ ረዘመ። ዛሬ በዋናነት የማስረዳችሁ ይህንን ነው፤ ምክንያቱም እርማቱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ እያንዳንዱ ታማሚ ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ሆኗል።

በቅድሚያ ስለ እጢዋ ትንሽ ልበል። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የምትገኝ፣ የሽንት ቧንቧ መሐሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት የወንድ እጢ ናት። ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣው ካንሰር ያልሆነ እብጠት የሚጀምረው ከመሐሏ፣ ከቧንቧው አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ሽንት ያስቸግራል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣል። ካንሰሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከዳርቻዋ ነው። ከቧንቧው ስለሚርቅ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሽንት ያስቸገረው ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ «ሽንቴ ደኅና ነው» የሚል ሰውም ከካንሰር ነጻ ነው ማለት አይደለም። ይህን ባለማወቅ በከንቱ የሚሸበር አለ፤ በከንቱ የሚጽናናም አለ።

ከእጢዋ በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ክፉውን ከደጉ የምንለይበት ዋናው መንገድ ዛሬም የግሊሰን ነጥብ ነው። ዶናልድ ግሊሰን በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ይሠራ የነበረ የፓቶሎጂ ሐኪም ነው፤ ዘዴውን ያወጣው በ1960ዎቹ ነበር። የእያንዳንዱን ሴል መልክ ትቶ ሴሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደተደረደሩ ተመለከተ። ጤነኛ እጢ ሥርዓት አለው፤ ካንሰሩ ክፉ በሆነ መጠን ሥርዓቱ ይፈርሳል። ዛሬ ውጤቱ ከ6 እስከ 10 ይሰጣል። 6 የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ሕክምና በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል። 8፣ 9 እና 10 ግን ጊዜ የማይሰጡ ናቸው። የናሙና ውጤት የተቀበለ ሁሉ ይህን ቁጥር ጠይቆ ይወቅ፤ ወረቀቱንም ይያዝ።

አሁን ወደ 1941 እንመለስ። በካናዳ የተወለደው ቻርልስ ሀጊንስ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፕሮስቴትን ፈሳሽ በውሾች ላይ ያጠና ነበር። ውሻ በእርጅናው ዘመን እንደ ሰው ፕሮስቴቱ ከሚታወክ ጥቂት እንስሳት አንዱ ነው። ሀጊንስ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ሲቀንስ እጢዋ እንደምትኮማተር አየ። ከዚያም ክላረንስ ሆጅስ ከሚባል ባልደረባው ጋር ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሰራጨባቸውን ወንዶች የዘር ፍሬያቸውን በቀዶ ጥገና በማውጣት፣ ሌሎቹን ደግሞ የሴት ሆርሞን በመስጠት አከማቸው። ከካንሰሩ የሚወጣው ኢንዛይም ከደማቸው ውስጥ ቀነሰ፤ የአጥንት ሕመማቸውም ቀለለ። መላ ሰውነት ላይ የተሰራጨ ካንሰር አንድ ሆርሞን በመንፈግ ሊገታ እንደሚችል ዓለም የተረዳው ያኔ ነው። ሀጊንስ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ኋላም አንድሪው ሻሊና ሮዤ ጊልማን የዘር ፍሬን ሥራ የሚያዘው ከአንጎል የሚመነጭ ሆርሞን ምን እንደሚመስል በየፊናቸው በሠሩት ሥራ አሳወቁ፤ በ1977 የኖቤል ተሸላሚዎች ሆኑ። ከዚያ እውቀት ያለ ቀዶ ጥገና ቴስቶስትሮንን የሚያደርቅ መርፌ ተገኘ። ዛሬ በአገራችን ሐኪሙ ለታማሚው ሁለቱንም ይነግረዋል፦ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ፣ ወይም አንድ ጊዜ የሚደረግ ቀዶ ጥገና። መርፌው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከፋርማሲ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ቀዶ ጥገናው ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ አባወራ ስሙን ሲሰማ ብድግ ብሎ ይወጣል። ይህ ስሜት ሊናቅ አይገባም። ሐኪሙ ተቻኩሎ «ቁረጡ» ከማለት ይልቅ ቁጭ ብሎ፣ ባለቤቱ ባሉበት፣ በክብር ሊያስረዳው ይገባል። ታማሚውም አንድ ነገር ይወቅ፦ መርፌውም ቀዶ ጥገናውም የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ሁለቱም ሆርሞኑን ያወርዳሉ፤ ሁለቱም የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ፣ በድንገት የሚያልብ ሙቀት ያመጣሉ፣ ሲቆዩም አጥንትን ያሳሳሉ። ልዩነታቸው መርፌው ሊቋረጥ መቻሉ ነው።

ሕክምናው ሲጀመር ታማሚው ይሻለዋል። ምግብ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። የተሰራጨ ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው ይመለሳል። ከዚህ ቀደም ሐኪሞች ይህን ሲያዩ «ካንሰሩ ከሆርሞን ጥገኝነት ወጥቷል፤ ሆርሞን አይፈልግም» አሉ። አሳማኝ ይመስላል። በደም ውስጥ ቴስቶስትሮን የለም ማለት ይቻላል፤ ካንሰሩ ግን ያድጋል። ታዲያ ከዚህ በኋላ ሆርሞን ላይ ማነጣጠር ምን ይጠቅማል? ትውልድ ሙሉ በዚህ አመነ።

የሚገርመው ማስተባበያው በእያንዳንዱ ታማሚ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ተጽፎ መኖሩ ነው። ፒኤስኤ የሚባለውን ምርመራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፒኤስኤ የፕሮስቴት ሴሎች የሚሠሩት ፕሮቲን ነው። ቴስቶስትሮን ወደ ሴሉ ገብቶ ይበልጥ ኃይለኛ ወደሆነ ሆርሞን ይለወጣል፤ ሴሉ ውስጥ ካለው ሆርሞኑን ከሚይዘው ፕሮቲን፣ ከተቀባዩ ጋር ይጣበቃል፤ ተቀባዩም ወደ ሴሉ አስኳል ገብቶ የተወሰኑ ጂኖችን ሥራ ያስጀምራል። ከእነዚህ አንዱ ፒኤስኤን የሚሠራው ጂን ነው። ያለ ተቀባዩ ትእዛዝ ፒኤስኤ በብዛት አይሠራም። እንግዲህ ካንሰሩ ሲመለስ ከሁሉ ቀድሞ ከፍ የሚለው ምንድን ነው? ፒኤስኤ! ሆርሞን አያስፈልገውም የተባለው ካንሰር የሆርሞኑን ሥራ እየሠራ ነበር። ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው?

መልሱ ቀስ በቀስ መጣ። በ1995 በፊንላንድ የታምፔሬ ተመራማሪዎች ሕክምናውን ተቋቁመው የተመለሱ ካንሰሮችን መረመሩ፤ ወደ ሲሶ በሚጠጉት ውስጥ የተቀባዩ ጂን ተባዝቶ አገኙት። እነዚያው ሰዎች ከመታከማቸው በፊት በተወሰደው ናሙና ውስጥ ግን መባዛቱ አልነበረም። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪው ቻርልስ ሶየርስና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ያደጉ የሰው ካንሰሮችን ሕክምናውን ከመቋቋማቸው በፊትና በኋላ አነጻጸሩ፤ በቋሚነት የተገኘው ለውጥ የተቀባዩ መብዛት ሆነ። ወንዝ ሲደርቅ ሰው አሸዋውን ቆፍሮ ከሥር የቀረችውን ውኃ እንደሚያወጣ፣ ካንሰሩም ተቀባዩን አብዝቶ በቀረችው ጠብታ ሆርሞን መኖርን ተማረ። ጠብታዋም አልጠፋችም። የዘር ፍሬ ቢወጣም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች የሆርሞኑን ጥሬ ዕቃ ያመነጫሉ፤ ካንሰሩ ራሱም ከዚያ ቴስቶስትሮን ይሠራል። ደሙን ስንለካ ደርቆ ያገኘነው ሆርሞን ካንሰሩ ውስጥ ሲለካ ይገኝ ነበር።

ይህ ሲታወቅ ሁለት መድኃኒቶች ደረሱ። አቢራቴሮን የተገኘው በለንደን የካንሰር ምርምር ኢንስቲትዩት ነው፤ ቴስቶስትሮን የትም ቦታ እንዳይሠራ፣ በአድሬናልም በካንሰሩ ውስጥም፣ አስፈላጊውን ኢንዛይም ያግዳል። በ1990ዎቹ የተፈለሰፈ ቢሆንም ወደ ትልቅ ሙከራ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ካንሰሩ ሆርሞን አይፈልግም ብሎ ያመነ ሰው እንዲህ ያለ መድኃኒት ለምን ይሞክራል? ኤንዛሉታማይድን ደግሞ ሶየርስና ኬሚስቱ ማይክል ጁንግ በሎስ አንጀለስ ሠሩት፤ እሱ ተቀባዩን ራሱን ይይዛል፣ ተቀባዩ በበዛበት ሴል ውስጥ እንኳ። በ2011 በወጣው ውጤት አቢራቴሮን የወሰዱት በመካከለኛ ስሌት 14.8 ወር፣ ያልወሰዱት 10.9 ወር ኖሩ። በ2012 ኤንዛሉታማይድ 18.4 ወር ከ13.6 ወር ጋር አሳየ።

«አራት ወር ምኑ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እነዚህ ሰዎች ኬሞቴራፒን ጭምር ጨርሰው ሌላ ምንም ያልቀራቸው ነበሩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው መድኃኒቱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲመጣ ነው። በ2017 ላቲቱድ የተባለው ጥናት በሽታው ክፉ ሆኖ ተሰራጭቶ የተገኘባቸውን፣ ገና ሕክምና የጀመሩ ወንዶች ይዞ ቀረበ። በመጨረሻው ስሌት ሆርሞን ማድረቂያውን ብቻ የወሰዱት በመካከለኛ ስሌት 36.5 ወር፣ አቢራቴሮን ከመጀመሪያው የተጨመረላቸው 53.3 ወር ኖሩ። ወደ 17 ወር የሚጠጋ ልዩነት ነው። ልጅ የሚዳርበት፣ የጀመሩትን ቤት የሚጨርሱበት ዕድሜ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የብሪታንያው ስታምፒድ ጥናትም ወደዚያው አመራ። ስለዚህ ለተሰራጨ ክፉ ካንሰር መርፌ ወይም ቀዶ ጥገና ብቻ አድርጎ «ሲመለስ እናያለን» ማለት ዛሬ በቂ ሕክምና አይደለም ብዬ አምናለሁ። ታማሚው በመጀመሪያው ቀጠሮ «ከዚህ ጋር የሚጨመር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ካንሰሩ ግን እዚህም አያቆምም። አንዳንዱ ተቀባዩን ቆርጦ ያሳጥረዋል፤ ሆርሞን የሚይዘው ጫፍ ይጠፋና ተቀባዩ ያለ ሆርሞን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ይሆናል። ይህ አጭር ተቀባይ በደም ውስጥ በሚዞሩ የካንሰር ሴሎች የተገኘባቸው ሰዎች ለሁለቱ መድኃኒቶች እምብዛም መልስ እንደማይሰጡ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2014 አሳይተዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሴሉ ፕሮስቴት መሆኑን ሲተው ነው። እድገትን የሚገቱ ሁለት ጂኖች ሲጠፉ ሴሉ መልኩን ይለውጣል፤ የነርቭና የሆርሞን ሴል ጠባይ ይይዛል፤ ተቀባዩን ይተወዋል። ያኔ ፒኤስኤ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በሽታው ግን ጉበት ይደርሳል። ቤተሰብ ወረቀቱን አይቶ «ተመስገን፣ ወርዷል» ሲል ታማሚው እየከሳ ይሄዳል። የፒኤስኤ ቁጥርና የሰውየው ሁኔታ ካልተስማሙ እመኑ የምላችሁ ሰውየውን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ካንሰር እንደገና ናሙና ተወስዶለት በሌላ ዓይነት ኬሞቴራፒ ይታከማል፤ ውጤቱ ግን እስካሁን አጭር ነው፤ ብዙ ምርምር የሚፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸኳይ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ካንሰሩ አከርካሪ ላይ ያለበት ሰው እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግባ። የአከርካሪ ገመዱ እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ባለፉ ቁጥር እግሩን መልሶ የማግኘት ዕድሉ ይጠባል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ሌላው ግኝት ከእናቶች በኩል የሚመጣው ነው። በ2016 የታተመ ጥናት የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸውን 692 ወንዶች መረመረ፤ ከእነሱ 11.8 በመቶ የሚሆኑት የተበላሸ ዘረመልን የሚጠግኑ ጂኖች ላይ የተወረሰ ጉድለት ነበረባቸው። ዋናው ቢአርሲኤ 2 ነው፤ በሴቶች ላይ የጡትና የእንቁልጢ ካንሰር የሚያመጣው ያው ጂን። ስለዚህ ሐኪሙ «በቤተሰብ ካንሰር አለ?» ሲል አባትንና ወንድምን ብቻ አታስቡ። በጡት ካንሰር የሞቱትን እናት፣ እኅት፣ አክስት ንገሩት። ይህ ጂን የጎደለበት ካንሰር ዘረመሉን ለመጠገን በቀረው ሌላ መንገድ ላይ ይደገፋል፤ ኦላፓሪብ የሚባለው መድኃኒት ያንን ስለሚያዳክም ሴሉ ይሞታል። መድኃኒቱ ለእንዲህ ዓይነት ወንዶች በአሜሪካ በ2020 ተፈቅዷል። ግኝቱ ከታማሚው ለልጆቹም ይተርፋል፤ ሴት ልጁ በጊዜ እንድትመረመር ያደርጋል።

ሉተቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከካንሰሩ ሴል ላይ ከሚበዛ ፕሮቲን ጋር በሚጣበቅ ሞለኪውል ላይ ተጭኖ የሚሄድበት ሕክምናም በ2022 ተፈቅዷል። በጥናቱ የወሰዱት በመካከለኛ ስሌት 15.3 ወር፣ ያልወሰዱት 11.3 ወር ኖረዋል። ለእሱ ግን የኑክሌር ሕክምና ክፍል ያስፈልጋል፤ በዚህ አገር ደግሞ መደበኛው የጨረር ሕክምና እንኳ ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

ስለ ዘር የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ በተለይ አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ ካንሰር የሚሞቱበት መጠን የነጮቹን እጥፍ ያህል ነው። ከፊሉ ከዘረመል ይመጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ሕክምና ከማግኘትና ካለማግኘት። ሆኖም በእነዚያ ጥናቶች ከተሳተፉት ጥቁሮች የአብዛኞቹ የዘር ሐረግ ከምዕራብ አፍሪካ ነው። የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የሶማሌው ዘረመል በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ወስዶ በቀጥታ እኛ ላይ መለጠፍ አይቻልም። አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ግን ሐኪሙ በምን ዕድሜ ምርመራ እንዲጀምር እንደሚመክረው ከ50 ዓመቱ ቀደም ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በመጨረሻ ዋጋን እናንሣ። አቢራቴሮን ከ2019 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ሌሎች አምራቾችም እየሠሩት ዋጋው ከመጀመሪያው እጅግ ወርዷል። ያም ሆኖ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም፣ በባዶ ሆድ፣ ለዓመታት መውሰድ ለአንድ ጡረተኛ ከባድ ነው። ሀጊንስ በሠራበት በዚያው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሐኪሞች አንድ ቀላል ሐሳብ ፈትነው ውጤቱን በ2018 አወጡ። ይህ መድኃኒት ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ታዲያ ሩቡ፣ 250 ሚሊግራም፣ ቅባቱ ከቀነሰ ቁርስ ጋር ቢወሰድስ? በ72 ታማሚዎች ላይ ሞከሩት፤ ፒኤስኤን በማውረድ በኩል ከሙሉው መጠን አላነሰም።

ከዚህ ውጤት ተነሥቶ ማንም ሰው መጠኑን በራሱ እንዳይቀንስ አጥብቄ እለምናለሁ። የምግቡ ቅባት ትንሽ ሲለዋወጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን በብዙ ይለዋወጣል፤ የእኛ የጾም ወጥ ራሱ ዘይቱ ቀላል አይደለም። አብሮ መወሰድ ያለበት ፕሬድኒሶሎንም አለ፤ የደም ግፊትና የፖታሲየም ክትትልም አለ። ጥናቱ የለካው ፒኤስኤን እንጂ የመኖርን ዕድሜ አይደለም፤ 72 ሰውም ጥቂት ነው። ጥያቄው ግን ትልቅ ነው፤ የአንድ ሰው መድኃኒት በዚያው ዋጋ አራት ሰው ያክም እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። የሽያጭ መጠኑን የሚቀንስ ሙከራ የመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ አውጥቶ እንዲሠራ አይጠበቅም። መሥራት የሚችሉት እንደ እኛ ባሉ አገሮች የሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው። የሚያስፈልገው ታማሚዎችን በሁለት ወገን የሚመድብ አሠራር፣ የሕይወትን ርዝመት እስኪያሳይ የሚቆይ ክትትል፣ የደም ምርመራ፣ ቁርሱ በጾምና በፍስክ ተለይቶ በእንጀራና በሽሮ ተለክቶ የሚዘጋጅበት ዝርዝር፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የጥቂት ዓመታት ገንዘብ ነው። ሐኪሞቹ አሉን፤ ታማሚዎቹም በየሳምንቱ እየመጡ ነው። በጤና ሚኒስቴርና በዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊት ልታነጋግሩኝ ትችላላችሁ፤ የሙከራው ረቂቅ በእጄ አለ።